በጧፍ ሰም የተለጠፈችው ጆሮ

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ከታች "ውሸት" ብላችሁ ለመጻፍ ጣታችሁን ያዘጋጃችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ... ጻፉ። እኔ የምነግራችሁ አባቴ በገዛ ዓይኑ ያየውን ነው። መጨረሻውን ደግሞ እኔው ራሴ አይቼዋለሁ፤ ወላሂ።

ቀኑ ቅዳሜ ነው። ሐምሌ አጋማሽ፣ 1964 ዓ.ም.።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ።

አዎ፣ ከቀኑ። እኩለ ሌሊት የጠበቃችሁ ይቅርታ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ቦግ ብላ ነበር።

ቦታው ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወረድ ብሎ የነበረ የክር ፋብሪካ ነው። ዛሬ የለም፤ መጋዘን ሆኗል። ስሙን አልጠራውም፤ የባለቤቶቹ ልጆች ዛሬም እዚሁ ሰፈር አሉ፣ ሰላምታም እንለዋወጣለን።

አባቴ ጀይሉ የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ነበር። እኔ ልጁ ረሻድ ነኝ። ታሪኩ ግን የአባቴ ሳይሆን የጓደኛው የሀብተሥላሴ ነው። ያኔ ሁለቱም ጎረምሶች ስለነበሩ "አንቱ" ሳልል ብተርክ ቅር አይበላችሁ። ሀብተሥላሴ የልቡን ሁሉ ለአባቴ ነግሮታል፤ አባቴም ዕድሜው ሲገፋ ለእኔ።

ፋብሪካው ውስጥ አራት የፈትል ማሽኖች ነበሩ።

አራተኛው ሰው በልቷል።

የበላው ጋሽ ወልደሰንበት የሚባሉ ሽማግሌ መካኒክን ነው። እኚህ ሰው የማሽን ሕመም የሚያውቁት በጆሯቸው ነበር። ረዥም ካቻቢቴ አላቸው፤ ጫፉን የማሽኑ ዘንግ የሚዞርበት ኩሽኔታ ላይ ይተክላሉ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ይለጥፋሉ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ሲጨርሱ "ይቺ ሁለት ሳምንት አላት" ይላሉ። ኩሽኔታዋም በሁለት ሳምንቷ ትሰበራለች። ሰው ሁሉ ጉድ ይል ነበር።

ግን አንድ ሕግ ነበራቸው።

ሲያዳምጡ ብቻቸውን አይሆኑም። ዓይናቸው ተጨፍኖ፣ ፊታቸው ማሽኑን ከሚያዞረው ቀበቶ፣ ከቺንጋው፣ አንድ ስንዝር ብቻ ነው የሚርቀው። ስለዚህ አንድ ሰው አጠገባቸው ቆሞ የካፖርታቸውን ጫፍ ይይዛል። ቺንጋው ልብሳቸውን ከነካ ወደ ኋላ የሚጎትታቸው እሱ ነው።

ለሦስት ዓመት ያን ጫፍ የያዘው ሀብተሥላሴ ነበር።

ከዚያ ፋብሪካው ለስምንት ወር ውጭ አገር ልኮ አስተማረው። ሲመለስ አንድ ሣጥን ይዞ መጣ።

ሣጥኑ ምን መሰላችሁ... ሻንጣ የሚያህል ብረት ነው። ፊቱ ላይ ትንሽ መስታወት አለች፤ ውስጧ አረንጓዴ መስመር ይዘላል። ከጎኑ ጥቅል ወረቀት አለ፤ ቀጭን ብዕር ያንኑ መስመር ወረቀቱ ላይ ትጽፋለች። ከሣጥኑ ረዥም ሽቦ ይወጣል፤ በሽቦው ጫፍ አዝራር የምታክል ብረት አለች። ሠራተኛው ይህችን ብረት "ጆሮ" አላት። ጆሮዋን በትንሽ ሰም ማሽኑ ላይ ትለጥፋለህ፤ የማሽኑን ንዝረት ሰምታ ወረቀቱ ላይ ታወጣዋለች። ኃይሉን ከመኪና ባትሪ ነው የሚያገኘው። መብራት ኖረም ጠፋም ግድ የለውም።

ሀብተሥላሴ በሣጥኑ ፍቅር ወደቀ። እውነቱን ነው የምላችሁ፤ ምሳውን እንኳ አጠገቡ ይበላ ነበር።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ አንድ ማለዳ ጋሽ ወልደሰንበት የቢሮውን በር ከፈት አደረጉ።

"ሀብቴ፣ ና አጠገቤ ቁም። አራተኛዋ ድምጿ አላማረኝም።"

ሀብተሥላሴ የሣጥኑን መመሪያ እያነበበ ነበር። ቀና ሳይል "መጣሁ ጋሼ" አለ።

አንድ ገጽ ልጨርስ አለ። ከዚያ ሌላ ገጽ...

ሲሄድ ቺንጋው የካፖርታቸውን እጅጌ ከነክንዳቸው ወስዶት ነበር። በዚያ ጩኸት ማን ይስማቸው? ማንም አልሰማም።

ስለ "መጣሁ" ማንም አያውቅም ነበር። ከአባቴ በቀር ለማንም አልተናገረም።

ኩሽኔታው ተቀየረ፣ ቺንጋው ተቀየረ፣ ማሽኑ ታጠበ። ሴቶቹ ሠራተኞች ግን አራተኛው ጋ አንቆምም አሉ። ቆሞ እንኳ ይንቀጠቀጣል አሉ። አንዷ እንዲያውም ክር ስትቀጥል ቀሚሴን ሰው ጎተተኝ ብላ ሥራዋን ጥላ ሄደች።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ፀሐዬ በዚህ ተናደደ። ክፉ ሰው አልነበረም ይላል አባቴ፤ ችኩል ነበር እንጂ። ሀብተሥላሴን ጠርቶ፣ በሣጥንህ ለካው፣ ደህና መሆኑን ወረቀት ላይ አውጥተህ ፈርምበት፣ ግድግዳ ላይ እለጥፍላቸዋለሁ አለው። ቀጥሎም፣ መጀመሪያ የምትቆመው እህትህ አልማዜ ናት፣ የወንድሟን ፊርማ እሷ ካላመነች ማን ያምናል አለው።

አልማዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እዚያው ፋብሪካ ትሠራለች። በስምንት ዓመቷ እናታቸው ሞታ እጁ ላይ የጣለቻት፣ እንደ አባት ያሳደጋት እህቱ ናት። ሌላ ሰው የለውም።

ነገሩ ይኸው ነበር። ከፈረመ እህቱ ያ ማሽን ፊት ትቆማለች። አልፈርምም ካለ ሁለቱም ከሥራ ይወጣሉ።

ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ...

ያ ቅዳሜ የጋሽ ወልደሰንበት አርባ ነበር። ሀብተሥላሴ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄዶ፣ ፍትሐቱ ላይ ከሰው ጋር ጧፍ ይዞ ቆሟል። ሰው ሁሉ ጧፉ እስኪያልቅ ሲጠብቅ እሱ መቆም አቃተው። አለቀሰ። ጧፉን እፍ ብሎ አጠፋና ግማሹን ኪሱ ከቶ ወጣ። ለምን እንደከተተው ራሱም አያውቅም።

ፋብሪካው ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ይዘጋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሀብተሥላሴ፣ አባቴ፣ በሩ አጠገብ የጥጥ ጆንያ ላይ የተቀመጠችው አልማዜ። አቶ ፀሐዬ በአሥር ሰዓት እመጣለሁ ብሏል።

ሀብተሥላሴ የሰሙን ቆርቆሮ ከፈተ። ባዶ ነው።

አባቴ ዞር ዞር ብሎ ፈለገ። ሰም የሚባል የለም።

ያኔ ሀብተሥላሴ እጁን ኪሱ ከተተ...

አባቴ ጧፉን ሲያይ ደስ አላለውም። እስላም ቢሆንም የጎረቤቱን ወግ ያውቃል።

"ይሄ የሳቸው አይደለም እንዴ?" አለው ዝግ ብሎ።

"ሰም ሰም ነው ጀይሉ።"

በጣቱ አሙቆ አለሰለሰው። ጆሮዋን በጧፉ ሰም አራተኛው ማሽን ላይ ለጠፋት፤ ልክ ሽማግሌው ካቻቢቴያቸውን የሚተክሉበት ቦታ።

አባቴ ማሽኑን አስነሳ።

ብዕሯ መጻፍ ጀመረች። መስመሩ ያማረ፣ እኩል፣ ንጹሕ ነበር። አዲስ ኩሽኔታ ማለት እንዲህ ነው። ሀብተሥላሴ ከአርባ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። እህቱን ዞሮ አያት፤ አይዞሽ አላት በዓይኑ።

"አጥፋው" አለ።

አባቴ አጠፋ። ማሽኑ እየቀዘቀዘ፣ እየቀዘቀዘ... ቆመ።

ብዕሯ አልቆመችም።

ትንሽ ትንሽ ትላለች። ጫር... ጫር... ጫር...

መኪና አልፎ ይሆናል አሉ። ጠበቁ። መኪና የለም። አባቴ ሄዶ የአዳራሹን ዋና ማብሪያ ጭምር አወረደው። አንድም የሚዞር ነገር የለም። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው የዝናብ ውሃ ብቻ ይሰማል።

ጫር... ጫር... ጫር...

ሀብተሥላሴ ጆሮዋን ነቀላት። መስመሩ ቀጥ አለ። ሦስተኛው ማሽን ላይ ለጠፋት። ቀጥ እንዳለ ነው። ወለሉ ላይ፣ ምሰሶው ላይ... ቀጥ። ወደ አራተኛው መለሳት።

ጫር... ጫር...

"ሣጥንህ ተበላሽቷል" አለ አባቴ።

ሀብተሥላሴ እንደገና ነቀላት። ጆሮዋን የማሽኑ ግራ ጫፍ ላይ አደረጋት። ጭረቱ አነሰ። መሐል ላይ አደረጋት። በረታ። ደግሞ እዚያው መሐል ላይ እንዳለች፣ ማንም ሳይነካት፣ ጭረቱ እያነሰ ሄደ። ወደ ቀኝ ቢወስዳት እዚያ በርትቷል።

ማለት... ይንቀሳቀሳል።

አንድ ሰው እጁን ማሽኑ ላይ እያሳረፈ፣ ቀስ እያለ፣ ዳር ለዳር እንደሚሄድ ነበር። ሄዶ ሄዶ ሀብተሥላሴ የቆመበት ጋ ሲደርስ ቆመ።

አባቴ ክንዱን ያዝ አድርጎ እንውጣ አለው። ሀብተሥላሴ ግን የሽማግሌውን ካቻቢቴ ከመሣሪያ ሣጥን አውጥቶ መጣ። የምሰማው በገዛ ጆሮዬ ይሁን አለ።

ጫፉን ተከለ። እጀታውን ጆሮው ላይ ለጠፈ። ዓይኑን ጨፈነ።

ቆየ።

ፊቱ አመድ መሰለ።

"ምን ሰማህ?" አለ አባቴ።

"ትንፋሽ።"

"የምን ትንፋሽ?"

"የሚያዳምጥ ሰው ትንፋሽ... በዚያኛው በኩል ሆኖ እኔን እያዳመጠኝ ነው ጀይሉ።"

ይኼኔ አቶ ፀሐዬ ገባ። የታጠፈ ዣንጥላውን እንደያዘ፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል ይኼ ነገር እያለ። ሀብተሥላሴ ወረቀቱን ዘርግቶ አሳየው፤ ማሽኑ ከቆመ በኋላ የተጻፈውን። አቶ ፀሐዬ መነጽሩን አድርጎ አየና ሳቀ። ቆሞ የሚያደርገውን ምን ልሠራበት አለ። የመጀመሪያውን፣ ያማረውን ክፍል ቀዶ አጠፈና ኪሱ ከተተው። ፈርም አለ።

"አልፈርምም።"

"እሺ። ሰኞ ሁለታችሁም እንዳትመጡ።"

ሀብተሥላሴ ሣጥኑን ሊሰበስብ ጎንበስ አለ። ያን ጊዜ ግን አልማዜ ከጆንያው ተነሳች።

ይቺ ልጅ እልኸኛ ናት። ወንድሟ በእሷ ምክንያት ከሥራ ሲወጣ ልታይ አልቻለችም። ሁለት ደቂቃ ቆሜ ባሳያቸው ምን እሆናለሁ ብላ፣ ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ አራተኛው ማሽን ፊት ሄዳ ቆመች። ወንድሟ "አልማዜ" ብሎ ሳይጨርስ አቶ ፀሐዬ ዋናውን ማብሪያ ከፍ አድርጎ ማሽኑን አስነሳው።

ጩኸቱ አዳራሹን ሞላው።

ሀብተሥላሴ ወደ እሷ ሊሮጥ ሲል ዓይኑ መስታወቷ ላይ አረፈ። መስመሩ ንጹሕ ነው። ግን ሣጥኑ ላይ እንደ ወንፊት የሚያገለግል ቁልፍ አለ፤ ስታዞረው ፈጣኑን ንዝረት ያስቀርና ዝግተኛውን ብቻ ለይቶ ያሳልፋል። እጁ ሳያስበው አዞረው።

የማሽኑ መስመር ጠፋ።

ከሥሩ ያ ጭረት ብቻ ቀረ። መጀመሪያ ከሩቅ እንደሚመጣ ትንሽ ነበር። እየበረታ፣ እየበረታ፣ ወደ ተለጠፈችው ጆሮ... ወደ አልማዜ...

ቀና አለ።

አልማዜ ቀኝ እጇን ዘርግታ ቆማለች። ጣቶቿ ተጨብጠዋል፤ ባዶ አየር ነው የጨበጠችው። ክንዷ ቀስ እያለ ወደ ቺንጋው ይሄዳል። እግሯን ተክላ ወደ ኋላ ትስባለች፤ እጇ ግን ይሄዳል።

አባቴ ዘሎ ማብሪያውን አወረደው።

ማሽኑ አልቆመም።

ኤሌክትሪክ የለም። ማብሪያው ወርዷል። ማሽኑ ይዞራል።

ሀብተሥላሴ ወገቧን ይዞ ጎተተ። ድንጋይ የጎተተ ያህል ነው። ፊቷን አዞረች። አልጮኸችም። ጆሮው ሥር አፏን አድርጋ፣

"ሀብቴ... ሰው እጄን ይዞኛል" አለችው።

ከጣቶቿ እስከ ቺንጋው አንድ ስንዝር ቀርቷል።

ሀብተሥላሴ ያኔ ምን እንዳሰበ አባቴ ብዙ ጊዜ ጠይቆታል። ምንም አላሰብኩም ነው የሚለው። አፉ ብቻ ተናገረ። ለእሷ አይደለም... ከእሷ አልፎ፣ ለባዶው ቦታ።

"ጋሼ... እሷን ይልቀቋት። መጥቻለሁ። እኔ አጠገብዎ እቆማለሁ። እስክሞት ድረስ አጠገብዎ እቆማለሁ።"

ማሽኑ ቀጥ አለ።

እንደ ሌላ ጊዜ እየቀዘቀዘ አይደለም። አንድ ጊዜ ቀጥ።

ሁለቱ ወደ ኋላ ወደቁ። ሲወድቁ ሽቦው እግራቸው ላይ ተጠምጥሞ ጆሮዋን ከማሽኑ ላይ ነቀላት። አልማዜ ደህና ናት። አምስቱም ጣቶቿ አሉ። ሀብተሥላሴ አቅፏት እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። አቶ ፀሐዬ ዣንጥላውን እንኳ ሳያነሳ ወጥቶ ሄዷል።

አባቴ ግን ሣጥኑን እያየ ነበር።

ጆሮዋ ተነቅላ ወድቃ፣ የሀብተሥላሴ መዳፍ ውስጥ ገብታለች። ሰሙ ከቆዳው ጋር ተጣብቋል።

ብዕሯ ትጽፋለች።

ጫር... ጫር... ጫር...

አባቴ ሄዶ የባትሪውን ሽቦ ነቀለው።

ሰኞ አልሄዱም። አራተኛው ማሽን ተፈታቶ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ አሉ። አልማዜ ጦር ኃይሎች አካባቢ ልብስ ስፌት ጀመረች፤ አገባች፣ ወለደች፣ አማረባት። ያን ቀን ድንጋጤ እጄን አደረቀው እያለች ትስቃለች። ወንድሟ ከእሷ አልፎ የተናገረውን ማሽኑ እየጮኸ አልሰማችውም። ሀብተሥላሴ አባቴን አስምሎታል፤ እንዳይነግራት።

አሁን የእኔ ተራ ነው።

እኔ የተወለድኩት ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። ጋሽ ሀብቴን በልጅነቴ አውቀዋለሁ። ደግ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ አላገባም። ግራ እጁ ሁልጊዜ ጨበጥ ያለ ነበር፤ የልብስ ጫፍ የያዘ ይመስላል። መንገድ ላይ ሲሄድ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ በግራው ይተዋል። ታክሲ ውስጥ እንኳ የሁለት ሰው ከፍሎ ይቀመጥ ነበር።

እሑድ እሑድ እኛ ቤት ይመጣል። እናቴ አልፊያ ሻይ ታቀርብለታለች። ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ሻዩ ላይ ክብ ክብ ይሠራል... ከመሐል ወደ ዳር፣ ከመሐል ወደ ዳር... ጠረጴዛው አይነቃነቅም፣ ማንም አልነካውም። አባቴ ይነሳና ሁለተኛ ብርጭቆ ቀድቶ ባዶው ወንበር ፊት ያስቀምጣል።

የጋሽ ሀብቴ ሻይ ይረጋል።

እኔ ሕፃን ነበርኩ። የሰው ቤት ሁሉ እንደዚህ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ሀብቴ በ1979 ዓ.ም. በሕመም አረፈ። ተኝቶ እያለ አባቴን ሲያየው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር... "እኔ ስሄድ ምን ይሆናል ጀይሉ?" አባቴ አላህ ያውቃል ይለው ነበር።

ቀብሩ በተፈጸመ በማግስቱ አልማዜ ብቻዋን እኛ ቤት መጣች። ጥቁር ለብሳ፣ ዓይኗ አብጦ። የወንድሟ ወዳጅ ስለሆነ ከአባቴ ጋር ቁጭ ብላ ልታለቅስ ነው የመጣችው። ሶፋው ላይ ተቀመጠች። እናቴ ሻይ አምጥታ ፊቷ አስቀመጠች።

አባቴ ስለ ጋሽ ሀብቴ ደግነት እያወራ ነበር።

ወሬውን አቋረጠ።

እኔም አየሁት። አልማዜ ብርጭቆውን አልነካችውም። እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው።

ሻዩ ላይ ክብ ክብ ይሠራል... ከመሐል ወደ ዳር... ከመሐል ወደ ዳር...

አባቴም አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሳ። ባዶ ብርጭቆ አምጥቶ ከእሷ አጠገብ፣ ማንም ያልተቀመጠበት ቦታ ፊት አኖረው።

አልማዜ ቀና ብላ አየችው።

"ጀይሉ... ለማን ነው?"

አባቴ የሻዩን ማንቆርቆሪያ አነሳ።

ሁለተኛውን ብርጭቆ ሞልቶ ቀዳው።